ኪሳራ በሁለት በር ይገባል

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ ኦሎምፒያ ግድም፣ በምሳ ሰዓት ደንበኛ አይጠፋም። የቢሮ ሠራተኛውን ብዛት ብቻ አይቶ የምግብ ቤት ኪራይ ውል የሚፈርም ነጋዴም እንዲሁ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የደንበኛ መኖርና የትርፍ መኖር ለየቅል ናቸው።

እንደሚታወቀው በገበያችን ኪሳራ የሚመጣው በርካሽ ሲሸጥ ብቻ ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ወጪ ሲጨምር ሁሉም ዋጋ ለመስቀል የሚሽቀዳደመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል።

ለአብነት ያህል አንድ ምግብ ቤት እንውሰድ፤ አኃዞቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። የአንድ ሳህን ምሳ ጥሬ ዕቃ 100 ብር ይፈጃል። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት በቀን ሲካፈሉ 15,000 ብር ይሆናሉ። ምሳው 300 ብር ሲሸጥ 100 ሰው ይመገባል። ዋጋው 10 ብር በጨመረ ቁጥር 5 ሰው ይቀራል፣ 10 ብር በቀነሰ ቁጥር 5 ሰው ይጨመራል።

በ300 ብር ከሳህኑ 200 ብር፣ ከ100 ሰው ደግሞ 20,000 ብር ይገኛል። የቀን ወጪው ሲነሳ 5,000 ብር ይተርፋል። ዋጋው ወደ 200 ብር ቢወርድ 150 ሰው ይመጣል፤ ከሳህኑ የሚገኘው ግን 100 ብር ብቻ ስለሆነ 15,000 ብር ገብቶ 15,000 ብር ይወጣል። ትርፉ ዜሮ ነው። ወደ 400 ብር ቢሰቀልስ? ከሳህኑ 300 ብር ይገኛል፣ የሚመጣው ግን 50 ሰው ነው። አሁንም 15,000 ገብቶ 15,000 ይወጣል። ከ200 በታችም ሆነ ከ400 በላይ ያለው ኪሳራ ነው።

ዋጋ የሳህኑን ትርፍም የተመጋቢውን ቁጥርም ስለሚነካ፣ ሁለቱ ሲባዙ ዋጋው በራሱ ይባዛል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስጨነቀን ኳድራቲክ እኩልታ ይኸው ነው። ሁለቱ ዜሮዎቹ የትርፍ ድንበሮች ሲሆኑ ከፍተኛው ትርፍ የሚገኘው በመካከላቸው ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ወጪው ንሯል። በምሳሌያችን ጥሬ ዕቃው ከ100 ወደ 140 ብር ቢያድግ ዜሮዎቹ ወደ 271 እና 369 ብር ገደማ ይጠጋጋሉ። የሚሻለው ዋጋም 320 ብር ነው። ወጪው በ40 ብር ጨመረ ተብሎ ዋጋውም በ40 ብር ቢጨመር የሚገኘው ትርፍ ምንም ሳይጨመር ቢቀር ከሚገኘው አይበልጥም፤ ሁለቱም በቀን 1,000 ብር ናቸው። በ320 ብር ግን 1,200 ብር ይገኛል።

የከፋው ሌላ ነው። ጥሬ ዕቃው በ100 ብር እንዳለ አከራዩ በወር 150,000 ብር፣ ማለትም በቀን 5,000 ብር ቢጨምር፣ ሁለቱ ዜሮዎች 300 ብር ላይ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ነጋዴው ለአከራዩ ሲሠራ ውሎ ባዶ እጁን ይገባል። ከዚያ በላይ ከተጨመረ እኩልታው ጭራሹን ዜሮ የለውም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ያንን ቤት የሚያድን ዋጋ የለም። ወይ ወጪ ይቀነሳል፣ ወይ አዲስ ደንበኛ ይፈለጋል፣ ወይ ቤቱ ይለቀቃል።

የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ስለሆነ የንግድ ቤት ተከራይ መከታው ድርድር ነው። ስለሆነም ነጋዴው በሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ስንት ሳህን እንደተሸጠ ከደረሰኙ ቆጥሮ ዜሮዎቹን ይዞ ይደራደር። አከራዩና ደላላውም ቢሆኑ ዜሮ የሌለውን ኪራይ በማስፈረም ጥቂት ወራት ይጠቀሙ እንደሆነ እንጂ ቤቱ መዘጋቱ አይቀርም። ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ይህ ሒሳብ የሚሠራው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።