ቀድሞ የሚወራረድ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ፖከር ጥቂት እናወሳለን። ደካማ ካርታ ይዞ ብርቱ የያዘ መስሎ መወራረድ በጨዋታው የታወቀ ዘዴ ነው። ዳሩ ግን 9 ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ቀድሞ የሚወራረደውን ተጫዋች ገና ያልተናገሩ 8 ባላንጣዎች ይጠብቁታል። እያንዳንዳቸው ብርቱ ካርታ የሚደርሳቸው ከ10 ጊዜ 1 ጊዜ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከ8ቱ ቢያንስ በአንዱ እጅ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 57 ያህል ነው። መሬቱን ሳያስቃኝ የሚገሰግስ ጦር ዕጣም ይኸው ነው። ሆኖም የፊተኛው ውርርድ አደገኛነቱ ስለሚታወቅ ይታመናል፤ አልፎ አልፎ የሚያስመስል ይጠቀምበታል፣ አዘውታሪው ግን ይጋለጣል። ይህን ባልና ሚስት ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን በክብሪት እንጨት እንፈትነው። የወር ደመወዛችን ግን የልጆቻችን እንጀራ ነውና ከካርታው ጠረጴዛ አይቅረብ እንላለን።