ነቅለህ አሳየኝ

«ኮር አይ ሰቨን ነው!» ይላል ሻጩ፤ ነገር አለቀ። ገዢውም አፉን ዘግቶ ገንዘቡን ያወጣል። በዚህች አንዲት ሐረግ ስንት ወጣት መሐንዲስ፣ ስንት አካውንታንት፣ ስንት የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ያጠራቀመውን አራግፎ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ ብረት ታቅፎ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንደተመለሰ እግዜር ይቁጠረው። እኔ ግን ዝም ብዬ ማየት ሰልችቶኛል።

እሺ፣ ኮር አይ ሰቨን ይሁን። ስንተኛ ጄኔሬሽን? ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የሰባተኛው ጄኔሬሽን አይ ሰቨን 7500ዩ ያለው ኮር ሁለት ብቻ ነው። በዓመቱ የወጣው የስምንተኛው ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት አለው። ትንሹ ትልቁን በእጥፍ በልጦት እያለ ሻጩ አይ ሰቨኑን ደረቱን ነፍቶ፣ አይ ፋይቩን አንገቱን ደፍቶ ይሸጣል። ይህ እንዳይበቃ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አልቀበልም ብሏል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጭብጨባ ማይክሮሶፍት ፊቱን ላዞረበት ዕቃ ነው።

አቋሜን ልናገርና ወደ ጠቡ ልግባ። ከጦር ኃይሎች በስተ ምዕራብ እያደረ ካዛንቺስ ወይም ቦሌ ለሚሠራ ባለሙያ ምርጥ ላፕቶፕ ማለት ቀላል፣ ከሶኬት ተነቅሎ የሥራ ቀን የሚውል፣ ሲበላሽም የሚጠገን ነው። የፕሮሰሰሩ ስም ከነዚህ ሦስቱ በኋላ ይምጣ። ገበያችን ግን የሚሸጥልን ተገልብጦ ነው፤ ስሙ ፊት፣ ክብደቱ በጭራሽ፣ ባትሪው «አሪፍ ነው፣ አታስብ»።

ክብደት የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው መኪና ላለው ሰው ነው። ቀላል ባቡሩ የሚያልቀው ጦር ኃይሎች ነው፤ ከዚያ ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ዘነበወርቅ የሚያደርሰን ሚኒባስ ነው። ሰልፉ አለ፣ ግፊያው አለ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ፣ ቦርሳህን ደረትህ ላይ አዙረህ በሁለት እጅህ ማቀፍ አለ፤ ለምን እንደምናቅፈው ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ጌሚንግ የሚባሉት ባለ 15.6 ኢንች ማሽኖች አብዛኞቹ ከሁለት ኪሎ በላይ ናቸው፤ የቻርጀራቸው ጡብ ሲጨመር ሦስት ኪሎ አጠገብ ይደርሳሉ። ኤክስ ዋን ካርቦን የሚባለው ቲንክፓድ 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ ሠላሳ ዓመት ባልሞላው ሰው ወገብ ላይ ይታያል።

መብራቱስ? የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት፤ ደስ ብሎናል፣ ጨፍረናል። ከሰፈራችን ትራንስፎርመር እስከ ቤቴ ያለው ሽቦ ግን ገና አልተመረቀም። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሥራ ልታስረክብ ስትል ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ የሚሞት ላፕቶፕ መሸጥ ነውር ነው።

የጌሚንግ አፍቃሪዎች እዚህ ላይ ይቆጡኛል። «ባትሪው እኮ ትልቅ ነው» ይሉኛል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ያለ ልዩ ፈቃድ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ባትሪ ጣሪያው 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ ላፕቶፕ ሠሪዎች ከዚያ አያልፉም። ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ተደምረው 100 ዋት ቢጠጡ፣ ዓለም ላይ ያለው ትልቁ የላፕቶፕ ባትሪ አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው። እንዳያልቅበት ሲል ማሽኑ ከሶኬት እንደተነቀለ ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስክበት ኃይል የሚገኘው ዲቫይደር አጠገብ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ሬንደር የምታደርግ አርክቴክት ከሆንክ ኃይል እንደሚያስፈልግህ አልክድም። ዴስክቶፕ ግዛ! በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ጉልበት ታገኛለህ፣ ራሙንም ካርዱንም ስትፈልግ ትቀይራለህ፣ ዩፒኤስ ታስጠጋለታለህ፣ ቤት ይቀመጣል። ለስብሰባና ለሳይት ቀላል ያገለገለ ላፕቶፕ ትይዛለህ። ሁለቱን በአንድ ሣጥን አጭቄ ልሸከም ማለት ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው።

በቅርቡ የወንድሜ ልጅ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃ ሥራ ስለጀመረች አብሬያት መገናኛ ወጣሁ። ፎቅ ለፎቅ ዞርን። አንዱ ሱቅ ውስጥ ልጁ የሚያብረቀርቅ ማሽን አወጣ፤ ኪቦርዱ ሥር ቀይ አረንጓዴ መብራት ይሮጣል።

«እህቴ፣ ይሄ ላንቺ ነው የተሠራው። ኮር አይ ሰቨን፣ ግራፊክሱ አደገኛ ነው።»

«ነቅለህ አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ቻርጀሩን።»

ሳቀ። ባትሪው አዲስ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ እንደሚውል፣ እሱ ራሱ ቤት ውስጥ ተመሳሳዩን እንደሚጠቀም ማለ። ነቀለው። የማሽኑ ማራገቢያ ጸጥ ሲል የፐርሰንቱ ቁጥር ዓይናችን እያየ መውረድ ጀመረ። ልጅቷ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ከፈተችው፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚነበበው፣ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ከግማሽ በታች ወርዷል። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ይሄን እኮ ማንም አያይም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተናደድኩትም በሱ አይደለም።

ጤፍ ስንገዛ እኮ ዘግነን፣ እፍ ብለን፣ ጥርሳችን ላይ አድርገን ነው። ከጥቂት ወራት ደሞዝ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ስንገዛ ግን መንካት ያሳፍረናል! «አታውቅም ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ነው ገበያውን ያበላሸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አሜሪካ ውስጥ 999 ዶላር የሚሸጥ ላፕቶፕ በአሮጌው ምንዛሪ ብቻ፣ ያለ ነጋዴ ትርፍ፣ 57 ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚህ ዋጋ ማፈር አያዋጣም።

አሁን ወደ ማክቡክ። ወዳጆቼን ሁሉ የማጣው እዚህ ላይ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ያወጣው ኤም ዋን ማክቡክ ኤር 1.29 ኪሎ ነው፣ ማራገቢያ የለውም፣ ባትሪው 50 ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ቢሆንም ቀጥቅጠው ካልሠሩበት ቀኑን ይውላል። ለጸሐፊ፣ ለፕሮግራመር፣ ለቪዲዮ ኤዲተር ያገለገለውን እንኳ ግዙ እላለሁ። ነገር ግን ካፌ ገብቶ ፖም ለማሳየት ብቻ የሚገዛውን ሰው ልጠይቅ፦ ሥራህ ምንድን ነው? መሐንዲስ ከሆንክ ኢታብስም ሬቪትም የዊንዶውስ ናቸው። አካውንታንት ከሆንክ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው (ኩባንያው ስሙን ሴጅ ካለው ስንት ዓመቱ፣ እኛ እቴ)። ማተሚያ ቤቶቻችን ዛሬም የሚያመላልሱት የፓወር ግዕዝ ፋይል ዊንዶውስ ላይ የኖረ ነው። በድሮዎቹ ኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን ይቻል ነበር፤ ከኤም ዋን ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። የሚያዞሩ መንገዶች አሉ፤ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ግን በጓሮ በር አይገባም።

ድሮ የተባለውም ወጥመድ አለው። ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የወጡት ብዙዎቹ ማክቡኮች ቢራቢሮ በሚባለው ስስ ኪቦርድ የተሠሩ ናቸው። አንዲት ብናኝ ገብታ ፊደል ታግታለች፤ አፕል ራሱ በነጻ ለመጠገን ተገዷል፣ በ2022 ለክሱ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። መንገዱ በተቆፈረበት፣ አቧራው መስኮት ዘግተህ በሚገባበት ከተማ እነዚህን ማሽኖች «ሬቲና ነው፣ ንጹህ ነው» ብሎ መሸጥ ምን ይባላል? የነጻው ጥገና ጊዜ አልፏል፤ ኪቦርዱ ከላይኛው አካልና ከባትሪው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አንድ ፊደል ለማዳን ግማሽ ማሽን ይገዛል።

እኔ የምከራከርለት ዕቃ አያብረቀርቅም። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያወጧቸው ጥቁርና ግራጫ ማሽኖች ናቸው፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ቲንክፓድን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው አይቢኤም ነው፤ ሌኖቮ የተረከበው በ2005 ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱን ቲ 480 እዩት፤ ባትሪው ሁለት ነው፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፤ የውጩን ማሽኑ ሳይጠፋ ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ። ራሙ በሁለት ቦታ ይቀየራል። ኪቦርዱ ሲሞት በብሎን መፍቻ ይወጣል። ስምንተኛ ጄኔሬሽን የሆነውን ዊንዶውስ 11 አይገፋውም። አርጅቷል፣ አዎ፤ ገንዘብ ያለው የ2021ዱን ዘጠነኛ ኤክስ ዋን ካርቦን ይፈልግ፤ 57 ዋት ሰዓት ባትሪ፣ በታይፕ ሲ የሚሞላ፣ የስልክ ቻርጀር በሚያህል ነገር። ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነውና ከ16 ጊጋ በታች የሆነውን በነጻ ቢሰጡህም አትያዝ። ስክሪኑንም ጠይቅ፤ አንዳንዱ ርካሽ ስክሪን ቀለም ይበላል፣ ዲዛይነሩ ቀይ ብሎ የላከው ማተሚያ ቤት ሌላ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ማሽን የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ከፍተው ያሳዩሃል፤ ቤትህ ገብተህ ዋይፋይ ስታገናኝ ወይም አጥፍተህ እንደ አዲስ ስትጭን የማታውቀው ኩባንያ ኢሜይል ይጠይቅሃል። ማክ ከሆነም የቀድሞው ባለቤት አካውንት። ስለዚህ ገንዘብ ሳይቆጠር፣ እዚያው፣ በራስህ ስልክ ዳታ አገናኝተህ ከዜሮ ይጀመር። «ጊዜ ይወስዳል» ካሉህ ቡና አዝዝ።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ዘመዶቻችንም አትቀየሙኝ። በቅናሽ ሰሞን 4 ጊጋ ራም ያለው ፕላስቲክ ገዝታችሁ «ላፕቶፕ ልኬያለሁ» አትበሉን። ራሙ አይጨመርም፣ ማከማቻው አይቀየርም፣ ብሮውዘር ሲከፈት ያምጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ቆሻሻ ነው። የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ደግሞ የሚገኘው በኛው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ላቲትዩድ ላኩ፤ እናመሰግናለን።

ትልቁ ቁጣዬ ግን ለመሥሪያ ቤቶች ነው። የጨረታ ሰነዶቻችሁን አንብቤያለሁ። «ኮር አይ ሰቨን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ»፤ ባለፈው ዓመትም ይኸው፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ይኸው፣ ከሰነድ ሰነድ የተገለበጠ። ጄኔሬሽን የለም፣ ክብደት የለም፣ የባትሪ አቅም የለም፣ ኤስኤስዲ የሚል ቃል እንኳ የለም። ነጋዴው በሕጉ መሠረት መጋዘኑ ውስጥ ያለውን አሮጌ ያስገባል፤ ኮሚቴው ዝቅተኛ ዋጋ ብሎ ይፈርማል፤ መስክ የሚወጣው ሠራተኛ ከረፋድ በኋላ በወረቀት ይጽፋል። አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን እናሠለጥናለን በተባለበት አገር እኮ ነው ይህ የሚሆነው። በምን ላይ ይጻፍ ኮዱ?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉ ነጋዴዎች፣ ከኮር አይ ሰቨኑ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ባትሪው ዛሬ ስንት ዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ ራሙ ይቀየር እንደሆነ። ዋጋውንም በአደባባይ። ይህን የሚጽፍ የመጀመሪያ ሱቅ ካለ፣ አየር ጤና ድረስ ያለውን ሰው ሁሉ ይዤ እመጣለሁ፤ ኮሚሽንም አልጠይቅም።