የዕድር መዝገብም ቅርስ ነው

ቅርስ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ አክሱም ሐውልትና ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚሮጥ፣ በደጃችን ያለውን ግን ከቁም ነገር የማንቆጥር ሰዎች ስለሆንን፣ ልደታ ማርያምን የመሰለ ሰፈር ቅርስ አለው ቢባል የሚሥቅ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መንገደኛ ወደ ካይሮ ያሳፈረው ከልደታ ሜዳ ሲሆን፣ የጄት ዘመን መጥቶ ማረፊያው ወደ ቦሌ ቢዛወርም፣ አካባቢው እስከ ዛሬ «አሮጌው ኤርፖርት» መባሉን አልተወም።

እኔ ግን ዛሬ የማነሣው የዕድሩን ነገር ነው። ግንቦት 1 ቀን፣ ቅድስት ሐና እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ መውለዷን እያሰበ፣ ከቤቱ ወጥቶ ንፍሮውንና ዳቦውን በደጅ የሚዘክረው ጎረቤት፣ በማግስቱ ጡሩምባ ሲነፋ ለቀብር የሚወጣው ያው ዕድርተኛ ነው። ጠርዙ የተበላውን፣ በላስቲክ የተለበደውን የዕድር መዝገብ ገልጦ ለተመለከተ፣ የአባሉ ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ የወር መዋጮው፣ ከቀብር የቀረው ሰው ቅጣት፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ለማን ቤት እንደ ወጣ በተራ ሰፍሮ ይገኛል፤ ይህም ጸሐፌ ትእዛዝ ያልጻፈው የሰፈር ዜና መዋዕል ነው።

ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካበት፣ ከነዋሪው ብዙው በየአቅጣጫው ተበተነ። ጣራው ሲያፈስበት የከረመ ሰው የተሻለ ቤት በማግኘቱ የሚቆጭ የለም፤ የሚያስቆጨው፣ አባላቱ የተበተኑበት ዕድር መዝገቡን የሚረከበው አጥቶ፣ ጸሐፊው ባረፉ ጊዜ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ለሱቅ መጠቅለያ መዳረጉ ነው።

በቤልጅግ አገር፣ በፍላንደርስ ምድር፣ ትንንሾቹ ማዘጋጃ ቤቶች እንኳ የአጥቢያቸውን ታሪክ በበጎ ፈቃድ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሏቸው። እኛ ማኅበሩን በዕድር መልክ ቀድሞውንም ይዘነዋል፤ የጎደለን መዝገቡን የሚያኖር ቤት ነው። እንግዲህ ወረዳው አንዲት ክፍል ቢፈቅድ፣ የልደታ ደብር ሰበካ ጉባኤም ቢያግዝ፣ የየዕድሩ መዝገብ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ዋናው ለባለቤቱ ሊመለስ፣ በሕይወት ያሉት ሰዎች ዕዳና ቅጣትም ከተመልካች ዓይን ሊከደን ይቻላል። ለሙታኑ መቅበሪያ በየወሩ ሳያቋርጥ ያዋጣ ሕዝብ፣ ለስማቸው ማኖሪያ የሚሆን ቁም ሣጥን መግዛት አያቅተውም።