በዕለቱ አገልግሎት የተዘነጉት፦ የአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ



እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው ያለፍነውን አንድ ውሳኔ አስተላለፈ። በናርሲንግ ሆሞች ውስጥ ለእያንዳንዱ አረጋዊ በቀን ቢያንስ ምን ያህል የነርስና የረዳት ሰዓት እንዲመደብ የሚያስገድደውን ብሔራዊ ደንብ ሻረ። በጉባኤዎቻችን ስለ ኢሚግሬሽንና ስለ ምርጫ ብዙ ይወራል፤ ስለዚህ ውሳኔ ግን ሲወራ አልሰማሁም። ነገር ግን ከእኛ በላይ የሚመለከተው ሕዝብ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም።

ለምን ቢባል፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በዳላስ ካሉ አብያተ ክርስቲያናት አባሎቻችን መካከል በነርስነትና በሲኤንኤነት የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ከሌሊት ሺፍት ወጥተው ሳይተኙ ለእሑድ አምልኮ የሚመጡትን እናውቃቸዋለን። በሌላ በኩል በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በስደት የመጣው ትውልድ ራሱ አርጅቷል። ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያመጧቸው አባቶችና እናቶችም ጉልበታቸው ደክሟል። ስለዚህ ዛሬ አልጋው ላይ ያለውም፣ አልጋውን የሚያነጥፈውም የእኛ ወገን ነው።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

በዚህ አገር 15,000 ያህል ናርሲንግ ሆሞች ሲኖሩ፣ በውስጣቸው ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይኖራሉ። ከነዋሪዎቹ መካከል ከአሥሩ የስድስቱን ያህል ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬድ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው። ስለ እንክብካቤው ጥራት የቀረበው አቤቱታ ስለ በዛ፣ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ትልቅ የማሻሻያ ሕግ አወጣ። ነዋሪው ክብሩ እንዲጠበቅ፣ ለሠራተኛው ምቾት ተብሎ እንዳይታሰርና በመድኃኒት እንዳይደነዝዝ፣ ረዳቶችም ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲያገኙ የደነገገው ይህ ሕግ ነው። ዛሬም ይሠራል።

ሕጉ አንድ ነገር ግን ክፍት ትቶ ነበር። ሬጂስተርድ ነርስ በቀን ለ8 ሰዓት፣ ፈቃድ ያለው ነርስ ደግሞ 24 ሰዓት እንዲኖር ካዘዘ በኋላ፣ የቀረውን "በቂ ሠራተኛ" በሚል ቃል አለፈው። በቂ ማለት ስንት ነው? መንግሥት ራሱ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ የሚኖሩ አረጋውያን ጉዳት እንዳይደርስባቸው በቀን ለአንድ ሰው 4.1 የእንክብካቤ ሰዓት ያስፈልጋል አለ። ያ ቁጥር ከ20 ዓመት በላይ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በዋሽንግተን ስቴት ከርክላንድ ከተማ ካለ አንድ መጦሪያ ቤት የተሰማው ዜና የመጀመሪያው ማንቂያ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ተቋማት ከ200,000 በላይ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ። ይህ ሐዘን ከገፋፋቸው ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ነው። ደንቡ በቀን ለአንድ ነዋሪ 3.48 ሰዓት፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ገደማ እንዲመደብ፣ ሬጂስተርድ ነርስም ቀንና ሌሊት እንዲገኝ ያዝ ነበር። ከአምስቱ ቤቶች አራቱ ያህል ይህን ለማሟላት ሠራተኛ መጨመር ነበረባቸው።

የቤቶቹ ባለንብረቶች ተቃወሙ። የተቃወሙበትም ምክንያት ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ ሜዲኬድ የሚከፍለው ወጪያችንን አይሸፍንም፣ ሠራተኛ ቢፈለግም አይገኝም፣ በገጠር ያሉ ትንንሽ ቤቶች ይዘጋሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በቴክሳስና በአዮዋ ያሉ ፍርድ ቤቶች ደንቡን ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት ጁላይ የወጣው ሕግ አፈጻጸሙን እስከ 2034 አዘገየው፤ በዲሴምበር ደግሞ ፈጽሞ ተሻረ። የሠራተኛ ቁጥር ግዴታዎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ ማለት ነው። አሁን የቀረው የ1987ቱ "በቂ" የሚለው ቃልና የየስቴቱ ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ 4.1 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ 3.5፣ ሜሪላንድ 3 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ የራሳቸው ቁጥር የሌላቸው ስቴቶችም አሉ።

ሰዓቱ ሲሰላ

ቁጥር ለጉባኤ አይጥምም የሚል ይኖራል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሲኤንኤ በ8 ሰዓት ሺፍት 15 ሰው ቢይዝ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 32 ደቂቃ ነው። በዚያ 32 ደቂቃ ውስጥ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ሁለት ጊዜ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማንሣት፣ የተደረገውን ሁሉ መመዝገብ አለ። መገላበጥ የማይችል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል ይወጣበታል፤ ቁስሉ እስከ አጥንት ሊደርስ፣ ደምንም በክሎ ሊገድል ይችላል። ደውሎ መልስ ያጣ አረጋዊ ብቻውን ተነሥቶ ሽንት ቤት ሲሄድ ይወድቃል፤ የዳሌ አጥንት ይሰበራል። ለማብላት ጊዜ ካልተገኘ ምግቡ እንደ ቀረበ ይመለሳል፤ ሰውየውም ይከሳል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጨካኝ ሰው ላይኖር ይችላል። እርግጥ አረጋዊን የሚመታና የሚሰርቅ አለ፤ እርሱ ወንጀለኛ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ግን እጅ ሲያንስ ነው። ሩኅሩኅ የሆነች እህት እንኳ በአንድ ሺፍት 15 ሰው ሲሰጣት ከ15ቱ አንዱን ትዘነጋለች።

የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ያደረገችው

ይህን ችግር መጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። ሐዋ 6፥1-7ን እንደገና እናንብብ። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን አረጋውያን መበለቶች በየቀኑ ከሚታደለው ይዘነጉ ነበር። የተዘነጉት እነማን ናቸው? ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ ማለትም ቋንቋቸው ከአገሬው የተለየ፣ ከውጭ የመጡ ሴቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በመንፈስ ቅዱስ የተሞላች ነበረች፤ ፍቅር አልጎደላትም። ቢሆንም ሰው ተዘነጋ።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? አንደኛ፣ አቤቱታውን ማጉረምረም ነው ብለው ዝም አላሰኙም። ሁለተኛ፣ በፍቅር ተዋደዱ ብለው ብቻ አላሰናበቱም። ሰባት ሰው አስመረጡ፤ ቁጥር ወሰኑ፣ የተመሰከረላቸውንም ሾሙ። ሦስተኛ፣ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የተዘነጉትን መበለቶች ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች ተመረጡ ለማለት ያስችለናል። በዚህም ምክንያት የእግዚአብሔር ቃል ዕንቅፋት አላገኘውም፤ ይልቁንም እየሰፋ ሄደ።

እንግዲህ የሠራተኛ ቁጥር ጉዳይ የፖለቲከኞች ወሬ ብቻ አይደለም። ቸልታን የሚያቆመው በቂ ሰው መመደብ መሆኑን ሐዋርያት አሳይተውናል።

ቋንቋ የማይችል አረጋዊ

በናርሲንግ ሆም የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አረጋዊ እንደነዚያ መበለቶች ነው። ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ በኋላ የተማረውን ቋንቋ ያጣና ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል። 30 ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ አባት አሁን "ውሃ ጠማኝ"፣ "ጎኔን አመመኝ" የሚለው በአማርኛ ብቻ ነው። የሚሰማው ካጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ እንደ ተረበሸ ሰው ሊቆጠርና ማደንዘዣ ጠባይ ያለው መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እነዚህ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። በአማርኛ የሚያናግረው አንድ ሰው ቢመጣ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃው ነበር።

ሕጉ ነዋሪው ስለ ጤንነቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። መብቱ እንዳለ የሚያስታውስ ቤተሰብ ከሌለ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል።

"ወላጁን ለሰው ሰጠ" ስለሚባለው

በባህላችን ትልቁ ምርቃት "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" የሚለው ነው። ስለዚህ ወላጁን ናርሲንግ ሆም ያስገባ ልጅ ሐፍረት ይይዘዋል፤ ለጉባኤውም ይደብቃል። ጉባኤው ካላወቀ ደግሞ አይጎበኝም። በዚህ መንገድ ሐፍረታችን አረጋዊውን ሰው አልባ ያደርገዋል።

ቃሉ ሁለቱንም ጎን ይናገራል። ለወላጅ የሚገባውን በሃይማኖት ሰበብ የሚያስቀርን ጌታ ገሥጾአል (ማር 7፥9-13)። ጳውሎስም ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጠራል ይላል (1ጢሞ 5፥8)። ነገር ግን ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቶአል (ዮሐ 19፥26-27)። ማሰብ ማለት ሁሉን በገዛ እጅ ማድረግ ብቻ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ልጅ ሌሊት የምትወድቅ እናቱን ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆልፎ ከሚሄድ፣ ነርስ ያለበት ቦታ ማስገባቱ መጦር ሊሆን ይችላል። ኃጢአቱ አስገብቶ መርሳት ነው።

ምን እናድርግ?

1. ጉብኝትን እንደ አገልግሎት እናደራጅ። የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ነዋሪው ግን የፈለገውን ጠያቂ፣ በፈለገው ሰዓት የመቀበል መብት አለው። ጥቂት ሰዎች ተከፋፍለው በተለያየ ሰዓት፣ በተለይ በምግብ ሰዓትና በሳምንቱ መጨረሻ ይሂዱ። ጸልየው ብቻ አይውጡ፤ ውሃው እጁ ይደርሳል ወይ? የጥሪ ደወሉ ቅርቡ ነው ወይ? መነጽሩና የጆሮ መሣሪያው አለ ወይ? ከስቷል ወይ? ተረከዙና ጀርባው ቀልቷል ወይ? ብለው ይዩ።

2. ቤተሰብ ይጠይቅ። ከመግባት በፊት ሜዲኬር ለየቤቱ የሚሰጠውን የኮከብ ደረጃ ተመልከቱ። ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ የቁጥጥሩን ውጤትና የሠራተኛውን ሰዓት፣ በተለይ የሳምንት መጨረሻውን እዩ፤ ሌላው በከፊል ቤቶቹ ራሳቸው በሚያቀርቡት መረጃ ላይ የተመሠረተ ነውና። ከገቡ በኋላ የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። አሲስትድ ሊቪንግ ከሆነ የፌዴራሉ የናርሲንግ ሆም ሕግ እንደማይሸፍነው እወቁ፤ የየስቴቱን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

3. አቤቱታ ወዴት እንደሚቀርብ እንወቅ። በየስቴቱ ኦምቡድስማን የሚባል፣ በአገራችን አጠራር እንባ ጠባቂ፣ አለ። አገልግሎቱ ነጻ ነው። ስልኩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

4. በዚያ የምትሠሩ ወገኖች፣ እናንተ በየቀኑ የታመመውን የምትጠይቁ ናችሁ (ማቴ 25፥36)። ያልተሰጠን እንክብካቤ እንደ ተሰጠ አድርጋችሁ አትፈርሙ። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕግ በነዋሪ ላይ ወንጀል የተፈጸመ ሲመስል ሠራተኛው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ከባድ የአካል ጉዳት ካለ በ2 ሰዓት፣ ካልሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ። ስላስታወቀ እንዳይበቀሉትም ይከለክላል። ሁለት ሺፍት ደርቦ 16 ሰዓት መሥራትን በተመለከተም በጌታ ፊት አስቡበት፤ የደከመ እጅ ሰው ይጥላል።

5. የራሳችሁን ትንንሽ መጦሪያ ቤቶች የምታስተዳድሩ ነጋዴዎች፣ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ (ያዕ 5፥4) አስታውሱ። በሠራተኛ ቁጥር ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ ከአረጋዊው ሰውነት ላይ የሚቆጠብ ነው።

6. ዜግነት ያለን ድምፃችንን እናሰማ። ብሔራዊው ደንብ ስለ ተሻረ ጥያቄው አሁን በየስቴቱ ምክር ቤት ነው። ለተወካያችን የምንጽፈው አንድ ደብዳቤ ስለ ሠራተኛ ቁጥርና ስለ ሜዲኬድ ክፍያ ቢሆን መልካም ነው።

በመጨረሻም፣ ዘማሪው በእርጅናው ጊዜ፣ ጉልበቱ ባለቀ ሰዓት እንዳይጣል እግዚአብሔርን ለምኖአል (መዝ 71፥9)። ይህ ጸሎት ዛሬ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ከብዙ አልጋዎች ላይ ይጸለያል። እግዚአብሔር አይጥላቸውም። እኛስ? በዚህ ሳምንት ሽማግሌዎችና የእህቶች አገልግሎት ተቀምጣችሁ፣ ከጉባኤያችን በመጦሪያ ቤት ያለው ማን ነው? ብላችሁ በስም ጻፉ። ሰባቱም ሥራቸውን የጀመሩት የተዘነጉት እነማን እንደሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጌታ ሽበት ያላቸውን የምናከብር ሕዝብ ያድርገን። ተባረኩ።