ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ያድራል?

አንዲት እናት ሰሞኑን ያነሡልኝ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለመሰለኝ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ልጃቸው በአካውንቲንግ ተመርቋል። ሥራ መፈለጉን ግን ከተወው ሰነባብቷል። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል፣ የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፣ እንዲያው እንዳለ ይነጋል። የሚሠራው የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ አንዳንዴም ለዩቲዩብ የሚሆን አጭር ድራማ ነው። «ኤዲተር ነኝ» ይላል። አባት «የሰው ሠርግ እያዩ ማደር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው?» እያሉ ኮምፒዩተሩን ሊሸጡት ይዝታሉ። እናት መሀል ላይ ቀርተው «እውነት ይሄ እንጀራ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

ይሆናል። ቀላል እንጀራ ግን አይደለም። አባትየውን ያናደዳቸው የሥራው አለመታየት ይመስለኛል። አናጢ ወንበር ያሳያል፣ ልብስ ሰፊ ቀሚስ ያሳያል። የኤዲተር እጅ ግን ሥራው ባማረ ቁጥር ይጠፋል። ጥሩ ፊልም አይተን ስንወጣ ተዋናዩን እናነሳለን፣ ሙዚቃውን እናነሳለን፤ «የት ላይ እንደተቆረጠ አየህ?» የሚል ሰው የለም። ካለ ፊልሙ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አንድ ሠርግ እንውሰድ። ሁለት ሦስት ካሜራ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ማታው ጭፈራ ሲቀርጽ ይውላል። ኤዲተሩ እጅ የሚገባው የሃያና የሠላሳ ሰዓት ቀረጻ ነው፤ ቤተሰቡ የሚፈልገው ግን እንግዳ ሳይሰለች የሚያየው የአንድ ሁለት ሰዓት ሠርግ። እንግዲህ የሙሽራዋ እናት ዓይናቸውን ሲጠርጉ የሚያሳይ ምስል አለ እንበል። ልጃቸው መኪና ውስጥ ስትገባ ከሚያሳየው ምስል ቀጥሎ ቢገባ የመለያየት እንባ ይሆናል። ከኬክ ቆረሳው ቀጥሎ ቢገባ የደስታ ነው። ከአማች ንግግር ቀጥሎ ቢገባማ ቅሬታ መስሎ ሁለት ቤተሰብ ያጣላል። እንባው ግን ያው አንድ እንባ ነው። የልጁ ሥራ ይሄ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጎን ይቀመጥ፣ የቱ ይውጣ የሚለውን መወሰን።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚጠራ ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዋልተር መርች ነው። በልጅነቱ ቴፕ ሪከርደር እጁ ሲገባ ድምፅ እየቀረጸ፣ ክሩን እየቆረጠ መልሶ ይቀጥል ነበር። (ያኔ አባቱ ቢሸጡበት ኖሮ የሚለውን ለእናንተ ልተወው።) ካደገ በኋላ ስለ ቬትናም ጦርነት የሚተርከውን «አፖካሊፕስ ናው» የተባለ ፊልም ካቀናበሩት ኤዲተሮች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ የቀረበው ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የተቀረጸው ግን ከ230 ሰዓት በላይ ነበር። እኛ ላየናት ለእያንዳንዷ ደቂቃ ያላየናቸው 95 ደቂቃዎች አሉ ማለት ነው። መርች በኋላ ሲያሰላው፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ቁርጦች ለኤዲተሮቹና ለሥራ ቀናቸው ቢካፈሉ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው 1.47 ብቻ ሆነ። አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም! የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በማየት፣ በመሞከር፣ የሞከሩትን በማፍረስና እንደገና በመሞከር ነው። ስለዚህ ልጅዎ አድሮ ጠዋት «ምን ሠራህ?» ሲሉት «አንድ ቦታ አስተካከልኩ» ቢልዎ ሰነፍ ነው አይበሉት።

መርች የት ላይ መቁረጥ እንደሚገባ የሚመዝንበት ስድስት መስፈርት አለው። ከመቶው 51ዱን ለስሜት ሰጥቶታል። ታሪኩን ወደፊት ማራመድ 23፣ ምቱ 10። ሰውየው በክፍሉ ውስጥ የቆመው በሩ ጋ ነበር ወይስ መስኮቱ ጋ የሚለው፣ ብዙዎቻችን ዋና ጉዳይ ይሆናል ብለን የምንገምተው ነገር፣ መጨረሻ ላይ 4 ብቻ አግኝቷል። አንዱን መሥዋዕት ማድረግ ግድ ከሆነ ከታች ጀምሩ፣ ስሜቱን ግን አትንኩ ነው የሚለው።

ሌላው ያስተዋለው ነገር ለአያቶች ሳይጥም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን «ዘ ኮንቨርሴሽን» የተባለ ፊልም ሲያቀናብር፣ እሱ «እዚህ ጋ ልቁረጥ» ብሎ በወሰነበት ቦታ አጠገብ ዋናው ተዋናይ ጂን ሃክማን ዓይኑን ሲጨፍን ደጋግሞ አየ። ሰው አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል፣ ቁርጡም እዚያ ላይ ሲውል ለተመልካቹ ቅር አይለውም ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ሽማግሌ ሆናችሁ ባልና ሚስት ስታስታርቁ የሚያዳምጠውን ሰው ዓይን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ነገሩ የገባው መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሥራው የወንድ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ማርጋሬት ቡዝን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1915 ተዋናይ ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞተ። እሷ ገና ወጣት ሳለች በዚያው ዘመን በዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ዘንድ የተቆራረጠ ፊልም ቀጣይ ሆና ገባች። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ይህን ሥራ ብዙ ሴቶች ይሠሩት ነበር፤ እንደ ስፌት የሚቆጥረው ሰው ብዙ ስለነበር ክብሩም ክፍያውም ዝቅተኛ ነበር። እሷ ግን ለረጅም ዓመታት የኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ የኤዲተሮች አለቃ ለመሆን በቃች። በ80 ዓመቷ የክብር ኦስካር ተቀብላ፣ በ104 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2002 አረፈች። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ማርጋሬት ሲክሰል አለች። ባሏ ጆርጅ ሚለር ናሚቢያ በረሃ ላይ የቀረጸውን «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ»ን፣ 480 ሰዓት የሚሆነውን ቀረጻ ወደ ሁለት ሰዓት አውርዳ በ2016 ኦስካር ወስዳለች። ከዚያ በፊት የአክሽን ፊልም አቀናብራ አታውቅም ነበር። የእኛው ኃይሌ ገሪማም «ሳንኮፋ»ን ጽፎ ዳይሬክት ማድረጉን እንጂ ራሱ ኤዲት ማድረጉን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ኮምፒዩተሩ አይሸጥ። ግን ሁሉም ሶፍትዌር የተማረ ልጅ ኤዲተር አይደለም፤ መሣሪያው ይለዋወጣል። መርች ራሱ ሙያውን የጀመረው የፊልም ክር በእጁ እየቆረጠ ነው። «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት»ን ሲያቀናብር ግን ልጁ በጠና ታመመበትና ከቤት መሥራት ስላስፈለገው መንገድ ላይ ሥራውን ወደ ኮምፒዩተር አዞረው። ፊልሙ በ1996 ወጣ፤ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ የኤዲቲንግ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። አንድ ቀን ከልጅዎ ጎን ይቀመጡና መጀመሪያ የሠራውንና የመጨረሻውን አከታትሎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። «ምን አወጣህ? ለምን?» ይበሉት። ስለ አውጣው ነገር በቁጭት እያወራ ምክንያቱን ካስረዳዎ ሙያው ገብቶታል። ስለ ኢፌክትና ስለ አዲስ ፕሮግራም ብቻ ካወራ የያዘው ገና መሣሪያውን ነው። ይህ የእኔ መለኪያ ነው፤ እስካሁን አልከዳኝም።

ሌሊት የሚሠሩት ለምን እንደሆነም ይገባኛል። ስልክ አይጮኽም፣ በር አይንኳኳም፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሥራው አልቆ ኮምፒዩተሩ የመጨረሻውን ቪዲዮ እያወጣ ሳለ መብራት ጠፍቶ ከአንድ የሚጀምረውን ልጅ ግን እዘኑለት። ዓይንና ወገብ ይጎዳል። መርች ቆሞ ነው የሚያቀናብረው፤ እንደ ቀዶ ሐኪም፣ እንደ ወጥ ሠሪ። የእኛ ልጅ ቆሞ ባይሠራ እንኳ በየሰዓቱ ይነሣ፣ ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ። ቁርስ ላይ ከቤተሰብ ጋር መቀመጡንም አታስቀሩበት፤ የሌሎችን ቤተሰብ ሲያይ አድሯል።

ገንዘቡን በተመለከተ አባትየው አካውንቲንግ ማስተማራቸው ከንቱ አልቀረም። ያለ ቀብድ ሥራ አይጀምር። ደንበኛው ስንት ጊዜ «ይሄን አውጣ፣ ያንን አስገባ» ማለት እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ፤ ብዙዎቹ የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። የሠራበትን ሰዓትና የተከፈለውን ለስድስት ወር በደብተር ይመዝግብና አባትና ልጅ ደብተሩን ይዘው ይነጋገሩ። ኩርፊያ ከማደር ይሻላል።

ዘንድሮ ልጅ የምትድሩ ደግሞ ከቀረጻው በፊት ከኤዲተሩ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። እሱ የእናንተን ዘመድ አያውቅም። ጥግ ላይ ተቀምጠው በዝግታ የሚመርቁት አሮጊት የሙሽራው አያት ይሁኑ የጎረቤት እንግዳ በምን ያውቃል? ምርቃቱ ረዘመ ብሎ ቢቆርጠው አይፈረድበትም። የማይቀሩትን ሰዎች ፎቶ በስልክ ላኩለት፣ የማን ምርቃት ሙሉውን ይግባ የሚለውን ንገሩት። ሥራው ሲያልቅም ጥሬ ቀረጻውን በራሳችሁ ሐርድ ዲስክ እንዲገለብጥላችሁ ቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ የእሱ ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚሰረዘው ያለፈው ዓመት ሠርግ ነው።