ውሃ ቀጂዎችን ስላከበረ ፎቶግራፍ

በመንዝ፤ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ውሃ ከገደል ሥር የሚወጣው በሴት ጀርባ መሆኑን የማያውቅ የለም። የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ይህን ድካም ሲያሳዩ ብዙውን ጊዜ ምጽዋት የሚለምን አስመስለው ነው። ስለዚህ የወይዘሮ አይዳ ሙሉነህን ሥራ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ማስታወቅ ተገቢ መሰለን።

እኚህ ወይዘሮ በ1974 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢትዮጵያ ተወልደው፤ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በየመንና በቆጵሮስ ኖሩ። ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሲኒማ ትምህርት ተመረቁ፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል አቋቋሙ።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን ዋተርኤድ የተባለው ማኅበር ስለ ውሃ ችግር እንዲሠሩ ቢጠይቃቸው በ2018 በአፋር ዳሎል ያነሡት ነው። በዚያ በሚያቃጥል ምድር ሴቶቹን ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ልብስ አልብሰው፤ እንደ ንግሥት አቁመው አነሡአቸው። «ውሃ ቀጂ እንዲህ ትለብሳለችን?» የሚል አይጠፋም። አትለብስም፤ ሆኖም ሸክሙ አልተሸሸገም፤ የተሸሸገው የተመልካቹ ንቀት ነው። በመንዝ ቁር ባና ደርባ እንስራ የምታዝለውንም እንዲህ አድርጎ የሚያነሣልን ባገኘን!