ያልጠፋ ሰው አይገኝም

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዱ አንድ አዛውንት አሉ። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ኋላ ሰው ረሳቸው። አንድ ቀን አንድ አሜሪካዊ አሮጌ ካሴታቸውን አገኘ፣ እንደገና አሳተመው፣ እሳቸውም ከታክሲው ወርደው መድረክ ላይ ወጡ። ፈረንጆቹ ጻፉት። እኛም ሼር አደረግነው፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ኢሞጂ ደረደርን።

እኔ ይኼን ታሪክ ጠልቼዋለሁ። ዝርዝሩ በአብዛኛው ልክ ነው፤ በዝርዝሩ ጠብ የለኝም። የሚያናድደኝ «አገኘ» የምትለዋ ግስ ናት። ሰው የሚገኘው መጀመሪያ ሲጠፋ ነው። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ መቼ ጠፉ?

የ«ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» ባለቤት ብራያን ሺምኮቪትዝ ያንን ካሴት ያገኘው የት እንደሆነ ልብ በሉ፦ ባሕር ዳር። ዋሻ ውስጥ አይደለም፣ የተቀበረ ሣጥን ውስጥም አይደለም፤ ከእኛ ከደብረ ማርቆስ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በሆነች ከተማ ነው። ካሴት በእግሩ ሄዶ ባሕር ዳር አይገባም። አንዱ አምጥቶታል፣ አንዱ ሸጦታል፣ አንዱ ገዝቶ ሰምቶታል። ለዓለም ጠፋ የተባለው ሙዚቃ ጎጃም ውስጥ ከሰው እጅ አልወጣም ነበር። እጃችን ላይ የነበረውን ነገር ሰው መጥቶ «አገኘሁት» ሲለን ከእንግዳው ጋር አብረን ማጨብጨባችን ምን ይባላል?

እስቲ የሰውየውን የሥራ ታሪክ «ተረሱ» የሚለውን ቃል አውጥተን እንየው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ አኮርዲዮንን ራሳቸው ተማሩ። በየምሽት ክበቡ ሲዘዋወሩ ከቆዩ በኋላ ኦርጋን ላይ ተቀምጠው ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ። ማታ ቤት ውስጥ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያሶች «ቼ በለው» የሚለውን አልበም አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተውበታል። ዛሬ በየአገሩ ባንዶች የሚጫወቱት የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው። በ1978 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» ተከተለ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋልያሶች ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ደራርበው የአገር ቤት ዜማዎችን ቀረጹ። ያ ነው ባሕር ዳር የደረሰው ካሴት። በ1990ዎቹ መድረኩን ትተው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ኪቦርድ ነበር። ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር፤ በየቀኑ፣ ለዓመታት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ጣታቸው ዝግጁ ነበር። ለዚህም ነው በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ሠርተው ማውጣት የቻሉት። በቴፕ ታትሞ የቀረ ትዝታ ቢሆኑ ኖሮ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው አዲስ አልበም ከየት ይመጣ ነበር?

ስለዚህ «ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ» እያላችሁ አትዘኑላቸው። ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት ለብዙ የአገራችን ሰው እንጀራ ነው፤ ልጅ ያስተማረ፣ ቤት የሠራ ሥራ ነው። የሚያሳዝን ነገር ካለ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ አኮርዲዮኑ። አኮርዲዮን ለእኛ ዜማ አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ይንሸራተታል፣ ድምፁ ይለመጣል፣ ያለቅሳል። አኮርዲዮን ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ቋሚ ድምፅ ነው፤ ማልቀስ አይችልም። ጋሽ ኃይሉን ስሟቸው፦ ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት ጎረቤቱን በፍጥነት ነካ ያደርጉታል፣ መንፊያውን እንደ ትንፋሽ ይይዙታል፣ ይለቁታል። መሣሪያው የሌለውን ለምጠት ጆሮ ላይ ይፈጥሩታል። ይኼ ከባድ የምህንድስና ችግር ነው፤ መፍትሔያቸው ደግሞ ቆንጆ ነው።

ተመሳሳይ ችግር የፈታ ሌላ ሕዝብ አለ። አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ጥቁሮች አኮርዲዮንን ከብሉዝ ጋር አዋሕደው ዛይዴኮ የሚባል ሙዚቃ ሠሩ። የዛይዴኮ ንጉሥ የሚባለው ክሊፍተን ሺኔር ከመታወቁ በፊት ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የጉልበት ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ተቋም ለባህል ጥበብ አዋቂዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት ሰጠው፤ ገንዘብም ያለው ሽልማት ነው፤ በሕይወት እያለ ነው የተሰጠው። እሱን «የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛው» እያለ የሚጀምር የለም። የሚጀምሩት ከሙዚቃው ነው።

እኛ ዘንድ የሚያሳዝነው ነገር እንግዲህ ይኼ ነው፦ መዝገብ የለንም። እኔ ሶፍትዌር ጻፊ ነኝ፤ ሥራዬ ሠንጠረዥ ነው። አንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ውስጥ አንድ ዘፈን ሲገባ የሚሞሉ ቦታዎች አሉ፦ ድምፃዊ፣ የዜማ ደራሲ፣ የግጥም ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ ዓመት፣ የተቀረጸበት ቦታ። አሁን ዩቲዩብ ላይ የተጫነ የድሮ ካሴት ክፈቱ። የሚሞላው ድምፃዊ የሚለው ብቻ ነው። ሌላው ባዶ ነው፤ ወይ ደግሞ «የድሮ ምርጥ ትዝታ» ተብሎ ታልፏል። ኦርጋን ማን ተጫወተ? ያንን የሳክስፎን መግቢያ ማን ነፋው? ማን አቀናበረው? ስም የሌለው ሰው ደግሞ ክፍያ የለውም፤ ክፍያ የሚላክለት አድራሻ የለማ! ድምፃዊ ያልሆነ ሙዚቀኛ አገራችን ውስጥ ሲጀመርም ባዶ ሳጥን ነበር። ጋሽ ኃይሉ «የጠፉት» እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ካሴታቸው አልጠፋም፤ ያለ ባለቤት ነው የዞረው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል፤ ጥበቃው ሃምሳ ዓመት ነው። ከዋኝ ማለት ደግሞ ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ ተጫዋቹም ነው። ሕጉ ግን ስም ይፈልጋል። ባዶ ሳጥንን የሚጠብቅ አዋጅ የለም።

ይኼን ስናገር አንድ መልስ ሁሌ ይመጣብኛል፦ «የእኛ ሙዚቃ የጋራ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነው፤ የግል ስም የፈረንጅ አመል ነው።» ይኼን የሚል ሰው ጎጃምን አያውቅም። ቅኔ ቤት ሂዱ። ቅኔ ሲነገር የማን እንደሆነ ይነገራል። የመምህሩ መምህር ማን እንደነበረ ይቆጠራል። የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት ተብሎ በስልት ይለያል፤ ተማሪው ከየትኛው ቤት እንደወጣ ቅኔው ራሱ ይመሰክርበታል። ይኼ ሁሉ ያለ ሰርቨር፣ ያለ ወረቀት ተይዞ የኖረ መዝገብ ነው። የሰውን ቅኔ የራሴ ነው ማለት እዚያ ነውር ነው። ባለቤትን በስም መጥራት ከእኛ ቤት የወጣ ባህል ነው እንጂ ከውጭ የገባ አይደለም። ለቅኔ የሰጠነውን ክብር ለማሲንቆ፣ ለአኮርዲዮን፣ ለኪቦርድ ነፈግነው፤ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን የኖርን ሰዎች ነንና። ባዶው ሳጥን የቴክኖሎጂ ችግር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ንቀት ነው።

የንቀቱ ዋጋ ደግሞ መስማትንም ይጨምራል። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን ወይም ቢቸና ሠርግ ስትሄዱ አንድ ልጅ ኪቦርድ ይዞ፣ የከበሮውን ምት ማሽኑ ላይ ለቆ፣ አዳራሹን ብቻውን ሲያስጨፍር ታያላችሁ። ብዙዎቻችን እንንቀዋለን፦ «ሙዚቃን ኪቦርድ ገደለው» እንላለን። ያ የ1985 ካሴት እኮ በቅርጹ ይኸው ነው! አንድ ሰው፣ ኪቦርድ፣ የከበሮ ማሽን፣ የአገር ዜማ። ፈረንጅ በሸክላ አሳትሞ ሲልክልን ድንቅ አልነው፤ ሠርጋችን ላይ ሲሆን ግን ርካሽ አልነው። ኪቦርድ የሚጫወት ሁሉ ኃይሉ መርጊያ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙው ደካማ ነው። ግን ደካማውን ከጎበዙ የሚለይ ጆሮ የሚኖረን ስም ይዘን ስንሰማ ነው። «ኪቦርዲስቱ» ብለን በጅምላ ከጠራናቸው ጎበዙም ከደካማው ጋር ይጣላል፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አንድ የውጭ ሰው ደግሞ መጥቶ «ያገኘዋል»።

ሺምኮቪትዝን እየወቀስኩ አይደለም። እንደውም የሠራውን በደንብ እንየው፦ ስልክ ፈለገ፣ ደወለ፣ ፈቃድ ጠየቀ፣ ገቢውን ከባለቤቱ ጋር ተካፈለ፣ ስማቸውን በትልቁ ጻፈ። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የማይቻለው የቱ ነው? እሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ካሴቱን ገዝቶ ነው የደወለው። እኛ ደግሞ ቋንቋቸውን እንናገራለን፤ ዲሲ ዘመድ የሌለው ሰው በመካከላችን ስንት ነው? ግርማ በየነንም አስቡ፦ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ሌላ ሥራ ሠሩ፤ በ2017 ከአካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ያወጡት ፓሪስ ውስጥ ከፈረንሳዮች ጋር ነው። በየጊዜው ደዋዩ ሌላ ነው። የኛ ድርሻ ዜናው ሲወጣ መኩራት ነው። ይኼ ኩራት ርካሽ ነው፤ ምንም አላስከፈለንማ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የድሮ ካሴት የምትጭኑ ልጆች፣ ድምፃዊውን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የካሴቱን ሽፋን ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩ። በሕይወት ያሉትን ጠይቁ፤ እናቶቻችሁን፣ አጎቶቻችሁን፣ የድሮ ሙዚቃ ቤት ባለቤቶችን። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከቻናሉ ገቢ ካገኛችሁ አካፍሉ። የሙዚቃ መተግበሪያ የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ አቀናባሪና መሣሪያ ተጫዋች የሚለውን ሳጥን «አማራጭ» አታድርጉት፤ ካልተሞላ ፋይሉ አይግባ። ለኮድ ሁለት መስመር ነው፣ ለሙዚቀኛው ግን የቤት ኪራይ ነው።

ሌሎቻችሁም፣ ሠርግ ላይ ማሲንቆ መቺውን ወይ ኪቦርድ ተጫዋቹን በስልካችሁ መቅረጻችሁ አይቀርም። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ጠጋ በሉና «ስምዎን ማን ልበል?» በሉ። ከዚያ ከቪዲዮው ሥር ጻፉት።